ከአገር ውጭ ሆኖ የአገር ቤት ሬዲዮ ለመስማት የትኛው መንገድ ያዋጣል?

ዋሽንግተን አካባቢ ያለን ሰዎች «ሬዲዮ ሰማሁ» ስንል ብዙ ጊዜ ዩቲዩብ ማለታችን ነው። አንድ ቃለ ምልልስ ተቆርጦ ይጫናል፣ ሊንኩ በቴሌግራም ይዞራል፣ ሰው ሥራ ሲሄድ መኪና ውስጥ ይከፍተዋል። ይሄ ጥሩ ነው፣ እኔም አደርገዋለሁ። ግን ሬዲዮ መስማት ሌላ ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ አሁን የሚነገረውን አሁን መስማት ነው። ጋዜጠኛዋ ሰዓቱን ስትናገር፣ የሳሙናው ማስታወቂያ ሲገባ፣ ትራፊክ ፖሊሱ የትኛው መንገድ እንደተጨናነቀ ሲያስረዳ፣ አድማጭ ደውሎ ገና ሰላምታው ሳያልቅ መስመሩ ሲቆረጥበት፣ ከዜና በፊት የቀረችውን ደቂቃ ለመሙላት የጥላሁን ዘፈን ተለቅቆ ግማሹ ላይ ሲቆም። ፕሮግራሙ ተቆርጦ ሲጫን እነዚህ ሁሉ ይወጡና ወሬው ብቻ ይቀራል። እኔ ደግሞ የሚናፍቀኝ የወጣው ነው።

ስለዚህ የምጽፈው በቀጥታ ስለ መስማት ብቻ ነው። ያገኘሁትን መንገድ ሁሉ ሞክሬያለሁ። ፍርዴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ለራሴ በስልኬ የጣቢያውን የራሱን የኢንተርኔት ስርጭት ነው የምሰማው። አብራኝ ለምትኖረው እናቴ ደግሞ የዋይፋይ ሬዲዮ ገዝቼላታለሁ፤ ከሁሉም ያዋጣኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ ግን ምን እንደምንሰማ። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የተጀመረ ጣቢያ ነው። ብሔራዊ አገልግሎቱ ከአማርኛ ሌላ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በአፋርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ያሰራጫል። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም. መጣ። ያም የዚያው ድርጅት፣ የዛሬው ኢቢሲ ነው። ከዚያ በ2000 ዓ.ም. የግሉ ሸገር 102.1 ተከተለ። እኔ ሦስቱንም እሰማለሁ፣ ግን ለየቅል ነው። ለአዲስ አበባ ወሬ 97.1፣ ለረጅም ጨዋታ ሸገር፣ አገሩን በሙሉ ለመስማት ብሔራዊ አገልግሎቱ። ስለ ግብርናው፣ ስለ ክረምቱ፣ ስለ ገጠር ጤና ጣቢያ የሚያወራኝ እሱ ብቻ ነው። ዜናው ግን ያደክማል። ባለሥልጣን መርቆ ከፈተ፣ የምክክር መድረክ ተካሄደ፣ አቅጣጫ ተቀመጠ። ግማሽ ሰዓት ሰምታችሁ አገሩ ላይ ምን እንደተፈጠረ የማታውቁበት ቀን አለ፣ ይሄ ደግሞ በሕዝብ ገንዘብ ለሚኖር ጣቢያ አይገባም። ለዜና ብዙዎቻችን ወደ ዶይቼ ቬለ ነው የምንሄደው። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በአማርኛ አለ፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ አንድ ሰዓት ይቆያል። የአሜሪካ ድምፅ አማርኛም እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ከዚሁ ከምንኖርበት ከተማ ወደ አገር ቤት ሲናገር የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ጋዜጠኞቹ በአስተዳደር ውሳኔ ከሥራቸው እንዲርቁ ሲደረግና ስርጭቱ ጸጥ ሲል ከልቤ ነው ያዘንኩት።

ወላጆቻችን ከሬዲዮ ጋር ያላቸው ነገር ከእኛ ይለያል። ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲያነብ ሰፈር ሙሉ ሰው አንድ ሬዲዮ ከቦ ይሰማ ነበር። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍፁም ቅጣት ምት አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ ስታነሳ፣ ስታዲየም ያልገባው ሕዝብ ጨዋታውን ያየው በደምሴ ዳምጤ አፍ ነው። የዚያን ዘመን ድምፅ የቀዳው የኢትዮጵያ ሬዲዮ ነው። ዛሬ ግን የምንሰማው ግለሰቦች ከድሮ ካሴት ገልብጠው በጫኑት፣ ጭረት በበዛበት ቅጂ ነው። ጣቢያው ያንን ክምችት አጽድቶ፣ በዓመት በዓመቱ ከፍሎ ኢንተርኔት ላይ ቢያስቀምጠው በገንዘብ ጭምር የምንደግፍ ሰዎች እንዳለን ቢያውቅልኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ይሄን ሳያስቡ አፕ መጫን ዋጋ የለውም። አሜሪካ ምሥራቁ ክፍል ላይ ከሆናችሁ በበጋ በሰባት ሰዓት፣ በክረምት በስምንት ሰዓት ከአዲስ አበባ ወደ ኋላ ናችሁ (በጋና ክረምት የምለው የዚህን አገር ነው)። እዚህ እኩለ ሌሊት ሲሆን በበጋ እዚያ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ለዚህ ነው የአገር ቤት ሬዲዮ ሁነኛ አድማጭ የሌሊት ሠራተኛው የሆነው። ታክሲ የሚነዳው፣ ፓርኪንግ የሚጠብቀው፣ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ የሆነችው። ሌሊቱ እዚህ ሲከብድ እዚያ ገና አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ «እንደምን አደራችሁ» ይላል። እኔ ሌሊት በምሠራበት ጊዜ ከዚህ የበለጠ እንቅልፍ የሚያባርር ነገር አላገኘሁም፣ ቡናውም አይደርስበትም። ጀርመን ያላችሁ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ብቻ ስለምትለዩ ዕድለኞች ናችሁ። ሪያድ፣ ኩዌትና ዶሃ ያላችሁ ደግሞ ሰዓታችሁ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። እስራኤል በበጋ እኩል ናት፣ በክረምት በአንድ ሰዓት ትዘገያለች። እስራኤል ውስጥ በተጨማሪ የአገሪቱ የሕዝብ ሬዲዮ ሬቃ በአማርኛ ያሰራጫል፤ የአገር ቤት ሬዲዮ ባይሆንም ለብዙ አዛውንት ዋናው ጣቢያ እሱ ነው።

ስልክ ላይ መስማት ቀላሉ ነው፣ ግን ቀላል መስሎ ያናድዳል። ሁለት ዓይነት አፕ አለ። አንዱ የጣቢያው የራሱ ነው። ሌላው የዓለምን ጣቢያ ሰብስቦ የሚያቀርብ ነው። ከሰብሳቢዎቹ በጣም የምወደው ሬዲዮ ጋርደን ነው። ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመሩት ነው። ሉሏን በጣታችሁ ታሽከረክራላችሁ፣ አረንጓዴ ነጥብ ላይ ስትቆሙ የዚያ ከተማ ሬዲዮ ይከፈታል። ለልጆች ድንቅ ነው። እዚህ የተወለደ ልጅ አዲስ አበባ የት እንዳለች በጣቱ ያገኛታል፣ ከተማዋም ወዲያው ትናገረዋለች። ቱን ኢንም የታወቀ ነው፣ ዝርዝሩ ሰፊ ነው። ለእንግሊዝ ነዋሪዎች ግን ሁለቱም አይሆኑም። በሙዚቃ ፈቃድ ክርክር የተነሳ ሎንዶን ሆናችሁ ቱን ኢን ላይ የውጭ ጣቢያ አይከፈትላችሁም፣ ሬዲዮ ጋርደንም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ እዚያ አገር የእንግሊዝ ጣቢያ ብቻ ነው የሚያሰማው። እናንተ በቀጥታ ወደ ጣቢያው ድረ ገጽ ሂዱ።

የሰብሳቢ አፕ ሌላው ችግር አድራሻው ነው። ጣቢያ የኢንተርኔት ስርጭቱን አድራሻ ይቀይራል፣ ለማንም አይናገርም፣ አፑ አሮጌውን ይዞ ይቀራል። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ አፕ ላይ የምወደው ጣቢያ ስምና ዓርማ ተቀምጦ ሲከፈት የሚሰማው ጭራሽ የማላውቀው ቋንቋ ነበር። ሌላው ደግሞ በከፈትኩት ቁጥር የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ያስቀድማል፣ ያውም ድምፁ ከሬዲዮው እጥፍ ነው። ሌሊት ሰው በተኛበት ቤት ይሄ ያስደነግጣል። የጣቢያዎቹ የራሳቸው ስርጭትም ቢሆን ፍጹም አይደለም። አንደኛው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት ሰዓት ይቆራረጣል። ሌላው ድምፁ እስኪታፈን ድረስ የተጨመቀ ነው። ግን ቢያንስ ሲጠፋ የምትጠይቁት ሰው አለ። እኔ ለአንዱ ጣቢያ በፌስቡክ ገጹ ጽፌ መልስ አግኝቻለሁ፣ በማግሥቱም አስተካክለውታል። ይሄን ማመስገን አለብኝ።

ኳስ የምትሰሙ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የኢንተርኔት ስርጭት ከእውነተኛው ይዘገያል፣ ግማሽ ደቂቃም ከዚያም በላይ። ወንድሜ አዲስ አበባ ሆኖ በስልክ «ገባ!» ብሎ ሲጮህ እኔ ጋ ኳሷ ገና መሃል ሜዳ ናት። መፍትሔ የለውም። በጨዋታ ሰዓት ቴሌግራሙን ዝጉት፣ ስልክም አታንሱ።

የዋይፋይ ሬዲዮው ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ እሱ ነውና። ይሄ ከቤት ኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ፣ መልኩ እንደ ድሮው ሬዲዮ የሆነ ዕቃ ነው። ድምፅ መጨመሪያ ቁልፍ አለው፣ ፊት ለፊቱ ላይ ቁጥር ያላቸው መጫኛዎች አሉት። እናቴ ስማርት ስልክ ትይዛለች፣ ግን ስልክ ለእሷ የሚደወልበትና የልጅ ልጆች ፎቶ የሚታይበት ነው። አፕ መፈለግ፣ ማስታወቂያ ዝጋ ማለት፣ ስክሪኑ ሲጠፋ መልሶ መክፈት አትፈልግም። እዚህ በመጣች ሰሞን ቤቱ ጭር ይልባት ነበር። እኛ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ። ሬዲዮውን ኩሽና ውስጥ አስቀመጥኩላት። አንድ ቁጥር ላይ ብሔራዊ አገልግሎቱ፣ ሁለት ላይ 97.1፣ ሦስት ላይ ሸገር፣ አራት ላይ መዝሙር። ከዚያ ወዲያ ማንንም አልጠየቀችም። ጠዋት ራሷ ታበራዋለች። በበጋ ምሳዋን የምትበላው የአዲስ አበባን የምሽት ሁለት ሰዓት ዜና እየሰማች ነው። ከእህቷ ጋር ስልክ ሲያወሩ ደግሞ ሁለቱም የሰሙት አንድ ስለሆነ «ሰማሽው?» ብለው ይጀምራሉ። ድሮ የጨዋታቸው መጀመሪያ «ሁሉ ሰላም ነው?» ብቻ ነበር፣ ከዚያ የሚወራ ያልቅ ነበር።

ይሄን ዕቃ ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። የዋይፋይ ሬዲዮ ጣቢያዎችን የሚያገኘው ከአንድ ማዕከላዊ ዝርዝር ነው፣ ዝርዝሩን የሚይዘውም ብዙ ጊዜ ዕቃውን የሸጠላችሁ ኩባንያ አይደለም። ዝርዝሩ ከተዘጋ ሬዲዮው ደህና ሆኖ ሳለ ደንቆሮ ይሆናል። ሬሲቫ የሚባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2021 ሲዘጋ በብዙ አገር የነበሩ ሬዲዮዎች ዝም ብለዋል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁ። የፈለግሁትን የጣቢያ አድራሻ ራሴ ማስገባት እችላለሁ ወይ? ብሉቱዝ አለው ወይ? የመጀመሪያው ካለ አገር ቤት ያለው ጣቢያ አድራሻ ሲቀይር እናንተም ትቀይራላችሁ። ሁለተኛው ካለ ደግሞ ዝርዝሩ ቢዘጋ እንኳን ዕቃው ለስልካችሁ ስፒከር ሆኖ ያገለግላል። ድምፁ ላይ ብዙ ገንዘብ አታውጡ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ድምፅ ራሱ የተጨመቀ ስለሆነ ውድ ስፒከር የሚጨምርለት ነገር የለም።

በንግግር የሚታዘዙትን ስፒከሮች ለወላጅ አልመክርም። አሌክሳ አማርኛ አትሰማም። የጣቢያውን ስም በእንግሊዝኛ አጠራር ካልጠራችሁላት ሌላ ትከፍታለች፣ እናትን ደግሞ ኩሽናዋ ውስጥ በባዕድ ቋንቋ ማስለመን አይገባም።

ኢንተርኔት ለማይወዱ አንድ ሌላ መንገድ አሜሪካ ውስጥ ነበር፣ ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። የአሜሪካ ስልክ ቁጥር ትደውላላችሁ፣ ሬዲዮው በስልኩ ውስጥ ይሰማል። ኦዲዮናውና ዜኖ ሬዲዮ የታወቁበት ነው። የታክሲ ሾፌሮች በጣም ይጠቀሙበት ነበር፣ ዳታ ስለማይበላ። ድምፁ የስልክ ድምፅ ነው፣ ሙዚቃ አይሆንም፣ ለወሬና ለዜና ግን ይበቃል። ዛሬም የሚሠራ ቁጥር ካገኛችሁ፣ ከመደወላችሁ በፊት ለእንዲህ ዓይነት ቁጥር በደቂቃ ተጨማሪ ሂሳብ ይኖር እንደሆነ የስልክ ድርጅታችሁን ጠይቁ። ያልተገደበ ደቂቃ አለኝ ብሎ ቀኑን ሙሉ ከፍቶ የዋለ ዘመድ ሂሳቡ ሲመጣ ምን እንደሆነ አይቻለሁ።

ገልፍና መካከለኛው ምሥራቅ ያላችሁ እኛ የሌለን ነገር አላችሁ፣ እሱም ዲሽ ነው። ኢትዮሳት የሚባለው፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት እናንተ ጋ ይደርሳል፣ ከቴሌቪዥኑ ጣቢያዎች ጋር ሬዲዮም አለበት። አንዴ ዲሹን ወደ እሱ ካዞራችሁ ወርኃዊ ክፍያ የለም፣ አይቆራረጥም። አሜሪካ ላይ ይሄ ሳተላይት ከአድማስ በታች ስለሆነ አይታሰብም። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት ግን ዲሽ ማዞር አትችልም፣ ያላት ስልኳና የራሷ ዳታ ነው። ለእሷ ሂሳቡን ልሥራላት። በሰከንድ 64 ኪሎቢት የሆነ ስርጭት በሰዓት ወደ 29 ሜጋባይት ይበላል፤ 128 ከሆነ ወደ 58። ዩቲዩብ ቪዲዮ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ያንኑ ፕሮግራም በቪዲዮ ከመክፈት በሬዲዮ ስርጭቱ መስማት ዳታዋን ይቆጥብላታል፣ አንድ ጆሮ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ሥራዋን እየሠራች መስማትም ትችላለች።

አጭር ሞገድን የተውኩት የመሰላችሁ ካላችሁ አልተውኩትም። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ለአሥርት ዓመታት በ9705 እና በ7110 ኪሎኸርትዝ የሚታወቅ ነው። አጭር ሞገድ ከላይኛው የአየር ክፍል እየተንፀባረቀ ተራራ ይሻገራል፣ አገርም ይሻገራል። ኤፍ ኤም ግን ከተማውን አልፎ ብዙ አይሄድም። ዋሽንግተን ላይ አዲስ አበባን በትንሽ ሬዲዮ ለመያዝ መሞከር ልፋት ነው፣ የምትሰሙት ከድምፅ ይልቅ ሹክሹክታ ነው። ሆኖም የኔዘርላንዱ ትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ የአጭር ሞገድ መቀበያውን ዌብ ኤስዲአር በሚባል ገጽ ለዓለም በነፃ ከፍቶታል። ገጹን ትከፍታላችሁ፣ ቁጥሩን ትጽፋላችሁ፣ «ኤኤም» የሚለውን ትመርጣላችሁ፣ እዚያ አንቴና ላይ የሚደርሰውን እናንተ ሳሎን ውስጥ ትሰማላችሁ። የሚሻለው የአውሮፓ ክረምት ነው፣ እዚያ ቶሎ ይመሻልና ጨለማው ሞገዱን ይረዳዋል፤ እዚህ ያኔ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁልጊዜ አይያዝም። ሲያዝ ግን ያ የሚሄድ የሚመጣ ድምፅ፣ ያ ፉጨት፣ አባቴ ሌሊት ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲሰማ የነበረው ራሱ ነው። ለዕለት ተዕለት አይሆንም፣ ለናፍቆት ግን ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም።

የመጨረሻው ለስልክ ተጠቃሚዎች ነው። ስክሪኑ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ በኋላ ሬዲዮው ዝም የሚልባችሁ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጣቢያው አይደለም፣ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ አፑን ስለሚዘጋው ነው። ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለው ጋ ገብታችሁ ለዚያ አፕ ብቻ ገደቡን አንሱለት። ሌሊት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ አፑ የእንቅልፍ ሰዓት ቆጣሪ እንዳልተሞላበት እዩ፣ አንዳንዱ ሲጫን ጀምሮ በርቶ ነው የሚመጣው።